አዲስ ጃኬት ማስረጀት

ሰው አሮጌውን አዲስ ለማስመሰል ሲደክም ነው የማውቀው። ቤቱን ቀለም ይቀባል፣ መኪናውን ያስወለውላል፣ ሽበቱን ያጠቁራል። እኔ ግን ልጅ ድሬ፣ የልጅ ልጅ ለመታቀፍ ቀን በምጠብቅበት ዕድሜዬ፣ ንጹሕ አዲስ ጃኬት ገዝቼ አሮጌ ለማድረግ ቅዳሜዬን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ትግሉ በእኔና በጃኬቱ መካከል ቢቀር ኖሮ ይህን ወግ ባላወጋኋችሁ ነበር፤ ሁለታችንም ተጎድተን፣ ገመናችንን ሸፍነን እንቀር ነበር። ችግሩ መዘዙ አንድ ፎቅ ወርዶ ሰው ቤት መግባቱ ነው።

ነገሩን ያመጣው ሸምሱ ነው። ሸምሱ ዛሬ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው እንጂ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። ግቢያችን እንግዲህ አሁን ብትሄዱ አታገኙትም፤ በልማት ፈርሷል። ባለፈው ሰሞን በታክሲ ሳልፍ ለባለቤቴ ለሮማን በራችን የነበረበትን ላሳያት ጣቴን ብቀስር፣ ጣቴ የብስክሌት መንገድ ላይ አረፈ። "ይሄ ነው በራችሁ?" አለችኝ። ምን ልበላት? አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና ያ ሁሉ ሰው እዚያች ቦታ ላይ እንዴት እንደተቻቻሉ ለማስረዳት ከታክሲው መውረድ ነበረብኝ።

የግቢያችን ሰው አሁን ተበታትኗል። አንዱ ገላን ነው፣ አንዱ ኮዬ፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን ቀይሮ ጠፍቷል። ሸምሱ የተገኘነውን በቴሌግራም ለቃቅሞ፣ "እሁድ መስቀል ፍላወር፣ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንገናኝ፤ ሁሉም በጎረምሳነቱ ይለብስ የነበረውን ለብሶ ይምጣ" ብሎ አወጀ። ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ ደወለልኝ።

"ጽጌን ይዘሃት ነው የምትመጣው" አለ። "ያለ እሷ ከመጣህ፣ ወላሂ፣ ከበር ነው የምመልስህ።"

ጽጌ የሰፈራችን ልጅ፣ የታዴ ባለቤት ናት። ታዴ የግቢያችን ጌጥ ነበር፤ ካረፈ ዓመት አልፎታል። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ከሁሉም ቀድመን ከካዛንቺስ የወጣነው እኔና እሱ ነበርን። ዕጣው ምን እንደታየው እንጃ፣ ቂርቆስ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ጣለን፤ እኔን ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱን ልክ ከሥሬ ሁለተኛ ፎቅ። ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቶ ሲያስል ስሰማ ነበር መንጋቱን የማውቀው። አሁን ከታች የሚሰማኝ የጽጌ ሬዲዮ ብቻ ነው።

ጽጌ ጥቁር እንደለበሰች ናት። ሙት ዓመቱ ወጥቷል፤ ልጆቿ ለምነዋታል። የድሮው ዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ክፍሌም ሽማግሌ ሰብስበው፣ አዲስ ቀሚስ አስይዘው መጥተው፣ "በቃሽ ልጄ፣ እግዜርም አይወደውም" ብለዋታል። ጉልበት ስማ፣ ምሳ አብልታ፣ ቀሚሱን አጣጥፋ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ በጥቁሯ ሸኘቻቸው። ሁለተኛም መጡ፤ ሁለተኛም ምሳ በልተው ሄዱ።

ወርጄ የእሁዱን ነገር ስነግራት ፈገግ አለች፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

"ጥቁር ለብሼ ዘፈን ያለበት ቦታ ልቀመጥ? ነውር አይደለም እንዴ?"

"እና አውልቂዋ!"

"ካወለቅኩት እኮ በቃ፣ ሄደ ማለት ነው።"

ይህን ያለችው የቀሚሷን ጫፍ ጉልበቷ ላይ እያስተካከለች ነው፤ ድምጿ እንኳን አልተለወጠም። እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ ነገሩ ከነከነኝ። ያ ስብሰባ ያለ ታዴ መሆኑ ሳያንስ ያለ ጽጌም ሊሆን ነው። እኛ እዚያ እየተሳሳቅን እሷ እዚህ ከሬዲዮዋ ጋር ልትውል ነው። አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ አልኩ። እኔ አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ባልኩ ቁጥር ቤታችን ውስጥ አንድ ዕቃ እንደሚሰበር ሮማን ትመሰክራለች።

የመጣልኝ ሐሳብ የታዴ የጅንስ ጃኬት ነበር። በእኛ ጊዜ ካዛንቺስን የረገጠ ሁሉ ያንን ጃኬት ያውቀዋል ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሰልባጅ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ሰልባጅ! ትከሻው ነጣ ብሎ፣ ክርኑ ሳስቶ፣ ኪሱ ዙሪያ ሰማያዊነቱ ቀርቶለት፣ ኮሌታው ለስልሶ። የእኛ ጃኬቶች ደግሞ እንደተገዙ ጠቁረው ይቀራሉ፤ ተሰልፈን ስንሄድ የመጋዘን ሠራተኞች ነበር የምንመስለው። "ታዴ፣ ምን አድርገህበት ነው?" እንለዋለን። ታዴም ቸር ሰው ነበርና ለእያንዳንዳችን በጆሯችን የየራሳችንን ምሥጢር ሰጠን።

ለሸምሱ "አመድ ውስጥ ቀብረህ አሳድረው" አለው። ሸምሱ የእናቱን የምድጃ አመድ ጠራርጎ ቀበረው፤ ጃኬቱ ግራጫ ሆነ፣ እሱ ደግሞ በኩርኩም ቀላ። ለሌላው ጓደኛችን "ሎሚ ጨምቅበትና ቆርቆሮ ላይ አስጣው" አለው። ቆርቆሮው የንጉሡ ዘመን ቆርቆሮ ስለነበር ልጁ ከነጃኬቱ ጎረቤት ማድቤት ውስጥ ገባ። ለእኔ ግራ ቀኝ አይቶ፣ "በረኪና ነው፤ ግን ለማንም እንዳትተነፍስ" አለኝ። ታማኝ ሰው ነኝና ይኸው ለእናንተ እስክነግር ድረስ አልተነፈስኩም። አልሞከርኩትምም፤ የነበረኝ ጃኬት አንድ ብቻ ስለሆነ ፈራሁ።

እንግዲህ ዕቅዴ ይህ ነው። የታዴን የመሰለ ጃኬት እሠራለሁ፤ እሁድ ጠዋት ለብሼው የጽጌን በር አንኳኳለሁ፤ ታዴ የሚቀርበት ግብዣ እንዳልሆነ በዓይኗ ታያለች፤ ጥቁሯን ባታወልቅ እንኳን ከነጥቁሯ ትከተለኛለች። ለሮማን ነገርኳት።

"የሞተ ባሏን መስለህ በሯን ልታንኳኳ? በድንጋጤ ክው ብትልስ?"

ጥሩ ጥያቄ ነበር። አላሰብኩበትም።

ደምበል አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁና የጅንስ ጃኬት አልኩ። ሻጩ ነጣ ያሉትን ደረደረልኝ። "ፋዘር፣ ይሄ ፌድ ያደረገው ነው አሁን የሚሄደው። በቃ፣ ለብሶ መውጣት ነው" አለኝ። አገላብጬ አየኋቸው። ሁሉም እኩል ቦታ ላይ ነጥተዋል፤ ሁሉም ክርናቸው እኩል ሳስቷል። ያልኖሩትን ኑሮ የሚያወሩ ጃኬቶች ናቸው። "አይ፣ የጠቆረውን ስጠኝ፤ ማንጣቱን እኔው አነጣዋለሁ" ስለው አንዴ እኔን፣ አንዴ ራሰ በራዬን አየና አሸገልኝ። አሁን ሳስበው ያ ልጅ ሊያድነኝ ነበር። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ጃኬቱ እንዴት ያለ ደረቅ ነበር መሰላችሁ! ቤት ወስጄ ወንበር ላይ ሳስቀምጠው ሳይደገፍ ተቀመጠ። ቅዳሜ ጠዋት ሮማን ቄራ ሥጋ ልትገዛ ስትወጣ በር ላይ ቆማ፣ "ዛሬ የእኛ የውሃ ፈረቃ ነው፤ ሳይሄድ ሮቶውን ሙላ" አለችኝ። እሺ አልኩ። እኔ እሺ ስል በጣም አምራለሁ፤ ለዚያ ነው መሰለኝ እስካሁን የምታምነኝ።

መጀመሪያ በእርጋታ ነበር የጀመርኩት። የሮማንን የተረከዝ ድንጋይ ይዤ ትከሻውን ፈገፈግኩት። ድንጋዩ አለቀ፤ ጃኬቱ አልሰማም። ብርጭቆ ወረቀት አመጣሁና ክርኑን ፈተግኩት። ክርኑ ነጣ ከማለቱ በፊት የእኔ ጣት ነጣ፤ ቀጥሎም ቀላ። ሎሚና ጨውም ሞከርኩ፤ ቤቱ የዓሣ ቤት ሸተተ። በዚህ ሁሉ የታዴ ድምፅ "በረኪና ነው" እያለ በጆሮዬ ይመላለሳል።

ሳፋውን በረንዳ ላይ አወጣሁ። ጃኬቱን ዘፈዘፍኩና በረኪናውን ጠብ አደረግኩበት። ምንም የለም። ትንሽ ጨመርኩ። አሁንም ምንም የለም። ወጣት ቢሆን ኖሮ ይታገሥ ነበር፤ እኔ ግን የቀረኝን ዕድሜ አስቤ ጠርሙሱን ገለበጥኩት። ከዚያ ገባሁና ወንበር ላይ አረፍ አልኩ። ስመለስ አንደኛው እጅጌ የወተት ሻይ መስሏል፤ ሌላኛው እንደተገዛ ነው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ የማላውቀው አገር ካርታ ወጥቷል። ካርታው እያየሁት ይሰፋል!

"ውሃ!" ብዬ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። ቧንቧው ፍስስስ አለና ዝም አለ። ፈረቃው አልቋል። ሮቶውን ከፈትኩት፤ የሮማን ቃል ብቻ ነው ውስጡ ያለው። ፍሪጅ ውስጥ የነበረውን የታሸገ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ለአንድ ኪስ እንኳን አልበቃም። ለእንግዳ የተቀመጠ ጋዝ ያለው ውሃ ጨመርኩበት፤ ሳፋው አረፋ ደፈቀና ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ሌላ መላ ስላልነበረኝ ጃኬቱን ሳልጨምቀው አንስቼ፣ በረኪናው ተንጠፍጥፎ ይለቅለት ብዬ ከበረንዳው ወደ ውጭ በወጣው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ሰቀልኩት።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው የቀረውን ገምቶታል። እኛ ሕንፃ ላይ ሰው ከሰው የሚጣላው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ከላይ በሚንጠባጠብ ልብስ ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ ትናንት በተንጠባጠበው ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ጃኬቴ ብቻ ነበር። ጠብ፣ ጠብ ሲል እየሰማሁ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ወዴት ነው የሚንጠባጠበው የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ መጣ። ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ።

የጽጌ ጥቁር ቀሚስ ተሰጥቷል። ደህናው ቀሚሷ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ የምትለብሰው። ደረቱ ላይ፣ እጅጌው ላይ፣ እስከ ታች ድረስ ብርቱካናማ ነጠብጣብ እያወጣ ነው። ስንት ሽማግሌ ለምኖ ያላስወለቃትን ልብስ እኔ ከላይ ሆኜ እያበላሸሁት ነው!

ወርጄ በሯን ደበደብኩ፤ የለችም። ወጣሁ። ቀሚሱን ከላይ አጥምጄ ማውጣት አለብኝ አልኩ። የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ የልብስ መስቀያ አሰርኩና በበረንዳው ብረት ላይ በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች ሰደድኩት። ከብዙ ድካም በኋላ መስቀያው የቀሚሱን አንገት ያዘልኝ። ቀሚሱ በአየር ላይ እየተወዛወዘ ሲወጣ፣ ከፊት ለፊት ሕንፃ አንዲት ሴትዮ አዩኝ።

"ኧረ የሰው ልብስ! ኧረ ጥበቃ! ኧረ በጠራራ ፀሐይ!"

"የእኔ ነው እትዬ!" አልኩ ከድንጋጤዬ ብዛት። የሴት ቀሚስ ይዤ የእኔ ነው ማለቴ ነገሩን አላሻሻለውም፤ ሴትዮዋ አማተቡ።

እንደገባሁ የመጣልኝ መላ የጫማ ቀለም ነው። ፈሳሹን ጥቁር የጫማ ቀለም አምጥቼ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ መቀባት ጀመርኩ። ጥቁርና ጥቁር አንድ ይመስለኝ ነበር፤ አይደለም። የጫማው ያብለጨልጫል። አሁን ቀሚሱ ግማሹ የዛገ፣ ግማሹ የተወለወለ ሆነ። በሩ የተንኳኳው በዚህ መሐል ነው።

ከፈትኩ። ጥበቃው ዱላውን ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው ጽጌ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥላ፣ አሮጌ የቤት ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች። እኔ በግራ እጄ ቀሚሷን፣ በቀኝ እጄ የጫማ ቀለሙን ይዣለሁ።

"ሌባው እሳቸው ናቸው?" አለ ጥበቃው፤ ሊያምን አልፈለገም።

ጽጌ ቀሚሱን ከእጄ ወሰደችና ወደ ብርሃኑ ዞራ ዘረጋችው።

"ጽጌ፣ አዲስ እገዛልሻለሁ፤ ዛሬውኑ" አልኩ።

"ጥቁር ልብስ ለሰው የሚገዛ አይተህ ታውቃለህ? ሙት ዓመት ካለፈ ወዲያ አዲስ ጥቁር ማስገባት ሌላ ሞት መጥራት ነው። አታሟርትብኝ!"

እውነቷን ነው። ይህ ቀሚስ የሚተካ አይደለም። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ሳለ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች።

"ምንድነው የሚሸተኝ?"

"በረኪና።"

"ለምንህ?"

ነገርኳት። እሁድን፣ ጃኬቱን፣ የፈረቃውን ውሃ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ታዴ በጆሮዬ የነገረኝን ምሥጢርም አወጣሁት። ጽጌ ሽንኩርቱን አስቀምጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

"ታዴ ነው በረኪና ያለህ?"

"አዎ።"

"ታዴ እኮ በረኪና ከጋዝ አይለይም ነበር!" አለችና ሳቋ መጣ። ከታዴ ሞት ወዲህ ያልሰማሁት የድሮው ሳቋ ነው፤ ደረጃውን ሞላው። "እኔ ነኝ እኮ የማጥብለት! ቅዳሜ ቅዳሜ፣ እናቴ እንዳታየኝ ከእሷ ጋቢ ሥር ደብቄ፣ በሳሙና አሽቼ አሽቼ። ገና በሰው ፊት ሰላም እንኳን የማንባባል ጊዜ ነው። ቶሎ ቶሎ ሊያመጣልኝ ብሎ ሆን ብሎ ያቆሽሸዋል። አንዳንዴማ ሳይቆሽሽ ያመጣዋል፤ እኔም ዝም ብዬ አጥበዋለሁ።"

"እና የሸምሱ አመድ?"

"የምን አመድ? ምን ይበላችሁ? ጽጌ ታጥብልኛለች ይበል?"

ይኸውላችሁ፣ ስንት ጎረምሳ በአመድና በሎሚ የተንገላታበት ምሥጢር የአንዲት ልጅ እጅና ሳሙና ነበር። ጃኬቱ የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኳት።

"ከተጋባን በኋላ አልቆ አልቆ የወለል መወልወያ አደረግኩት" አለችና እንደገና ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ጥበቃው ምን እንደሆነ ባይገባውም ኮፍያውን አወለቀ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የበረኪናው ሽታ ነው እንዳልላችሁ፣ አልነበረም። ታዴ ናፍቆኝ ነበር።

ሲበቃት ዓይኗን ጠረገችና ቀሚሱን ክንዷ ላይ አድርጋ፣ ሽንኩርቷን አንስታ ወረደች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለችም። ሮማን ከቄራ ስትመለስ ባዶ ሮቶ፣ ነጭ የሆነ በረንዳና ደረጃ ላይ የተቀመጠ ባል አገኘች። ሥጋውን አስቀምጣ፣ "የትኛውን ልጠይቅህ?" ብቻ አለችኝ።

እሁድ ጠዋት የጽጌን በር አንኳኳሁ። መልስ የለም፤ ሬዲዮዋም ዝም ብሏል። ካርታዬን ለብሼ ከሮማን ጋር ወደ መስቀል ፍላወር ሄድን። የጃኬቱ አንደኛው እጅጌ ክረምት፣ ሌላኛው በጋ ነበር። ሸምሱ በማይቆለፍ ሰፊ ሱሪ በር ላይ ቆሞ እየሳቀ ተቀበለን፤ ከኋላዬ ማንም እንደሌለ ሲያይ ሳቁን አቆመ።

"ጽጌስ?"

"እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አልኩት። ከበር አልመለሰኝም፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አስገባኝ። እሱ ይብሳል።

ግቢው ሞልቷል። ያ ሁሉ ሰው አርጅቷል፤ ግን ሲጣራና ሲሳደብ ያው ነው። ሆዳችን ከድሮ ልብሳችን ጋር እየታገለ፣ ማን የማንን ኳስ እንደቀደደ ስንከራከር ቆየን። ጋሽ ክፍሌ ከዘራቸውን ይዘው በክብር ወንበር ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እኔ ግን አጠገቤ ካለው ባዶ ወንበር በቀር ምንም ማየት አልቻልኩም። ምግቡ ሊነሣ ሲል በበሩ በኩል ያለው ጫጫታ ቀነሰ። ዞር አልኩ።

ጽጌ ናት። ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች። የጫማ ቀለሙን አጥባ አስለቅቃዋለች፤ ብርቱካናማው ነጠብጣብ ግን ከደረቷ እስከ ታች እንዳለ ነው፤ በካውያ ተተኩሶ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። የት እንደምናስቀምጣት፣ ሰላም እንበላት ወይስ ነፍስ ይማር እንበላት ሁላችንም ጠፋብን። ቀጥ ብላ ሄዳ የጋሽ ክፍሌን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች።

ጋሽ ክፍሌ መነጽራቸውን ወደ ላይ አደረጉና ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች አዩት። የሁለት ጊዜ ሽምግልናቸው ትዝ ብሏቸው መሆን አለበት፤ ግራ ገባቸው።

"አሁን ይሄ፣ ልጄ፣ ጥቁርሽን አውልቀሽ ነው የመጣሽው ወይስ ለብሰሽ?"

"እንደሚያዩት ነው ጋሽ ክፍሌ" አለች ጽጌ። "ለዛሬ ይሄን ያህል ይበቃል። የቀረው ይቆየኝ።"

ጋሽ ክፍሌ ከዘራቸውን ወደ ግራ አዙረው፣ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉና "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ" አሏት።